ጉልበት ያለው ይውጣ

ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት የሚሠራን ሰው «ስንት ክፍል ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀርቷል። አሁን የሚጠየቀው «ጂ ፕላስ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ እስኪገባ ድረስ አስፋልቱ ግራና ቀኙን ፎቅ እየጨመረ ሄዷል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ማንኩሳ እንኳ ወደ ላይ ማየት ጀምራለች። ግማሾቹ ቤቶች አልቀዋል፤ የቀሩት ኮለናቸው ቆሞ፣ ፌሮአቸው ወደ ሰማይ ቀርቶ ይታያሉ። ፌሮው ሳይቆረጥ የቀረው ተረስቶ እንዳይመስላችሁ። «እግዜር ካለ አንድ እንጨምራለን» ማለት ነው። እስካሁን የተጨመረው ዝገት ነው።

ቤት ሠሪ ስለ ሁሉም ነገር ይጨነቃል። ሲሚንቶው በስንት ገባ፣ አሸዋው ከየት ይምጣ፣ መስኮቱ አሉሚኒየም ይሁን ወይስ ብረት፣ በረንዳው ወደ አስፋልት ይዙር ወይስ ወደ ግቢ። ደረጃውን ግን የሚያስበው የለም። ደረጃ የግንበኛው ፈንታ ነው። ቦታ ከተረፈ ይሰፋል፣ ካልተረፈ ይጠባል፤ ብዙ ጊዜም በጓሮ በኩል ከውጭ ተለጥፎ ዝናብ ሲመታው ይከርማል።

የአክስቴን ቤት ደረጃ ልንገራችሁ። አሥራ ዘጠኝ እርከን አለው፤ መሐል ላይ አረፍ ብሎ ይታጠፋል። የታችኞቹ እርከኖች ስንዝር አይሞሉም። ወደ ላይ ሲጠጋ ግን ግንበኛው ሒሳቡ ሳይገጥምለት ቀርቶ መሰለኝ፣ የተረፈውን ከፍታ ለመጨረሻዎቹ ሁለት እርከኖች አካፍሎ ሰጥቷቸዋል። ሙያው ያላቸው ሰዎች የአንድ እርከን ቁመት ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመርጣሉ፤ ከዚያም በላይ የሚያጠብቁት እርከኖቹ እኩል እንዲሆኑ ነው። እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለክቶ የቀሩትን በእምነት ነው የሚወጣው። የአክስቴ ደረጃ ይህን እምነት አሥራ ስምንተኛው ላይ ይከዳዋል። ለዓይን እንዲያምር የተነጠፈበት ነጭ ሴራሚክ የሐምሌ ዝናብ ሲነካው የሚቆምበት እግር የለም። መደገፊያው «በፊኒሺንግ ጊዜ ይገባል» ተብሎ ነበር። ፊኒሺንጉ ገብቶ ወጣ፤ መደገፊያ ተብሎ የተበየደው በአንድ በኩል ብቻ የቆመ ቱቦላሬ ነው። ስትወጣ ግራ እጇ ይይዘዋል። ስትወርድ ያው ብረት በቀኟ ይሆናል፤ ቀኝ ትከሻዋ ደግሞ ከታመመ ቆይቷል።

ሰው ደረጃ መውጣት ይከብዳል ይላል እንጂ ለጉልበት የሚብሰው መውረዱ ነው። ሲወጡ ጉልበት የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ሲወርዱ ከዚያም ያልፋል። 60 ኪሎ የምትሆነው አክስቴ ወደ ገበያ በወረደች ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ጉልበቷ ላይ ወደ ሁለት ኩንታል በቆሎ ትጭናለች ማለት ነው። የከተማው ጫኝና አውራጆች እንኳ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኩንታል በላይ አይነኩም፤ እነሱም ሒሳባቸውን ተቀብለው ነው።

በአያቶቻችን ቤት ከፍታ የልጅና የእህል ነበር። ቆጥ ላይ የሚወጣው ጎረምሳ ነው። ሽማግሌና አሮጊት ቦታቸው መደብ ላይ፣ እሳት ዳር፣ ወጪና ወራጁን ሁሉ ማየት የሚችሉበት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮም ወጣት ሳትሆን አትቀርም፤ አሮጊት ብትሆን ኖሮ ልጅ ትልክ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አስፋልት ዳር ያለ ግራውንድ ለሰው መኖሪያ አይሰጥም። ለባንክ ይሰጣል፤ ባንክ ካልመጣ ለፋርማሲ፣ ፋርማሲ ካልመጣ ለካፌ። ባለቤቲቱ ከነጉልበቷ፣ ከነመቋሚያዋ፣ ከነጀበናዋ ወደ ላይ ትወጣለች። የአክስቴ ተከራይ ባንክ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ኪራዩን በሰዓቱ ይከፍላል፣ ጠባቂውም ጨዋ ነው። ብቻ እሷ ከላይ ሆና ወለሉን ስታስጠርግ ከሥሯ ሚሊዮን ብር ተኝቷል፤ ሚሊዮኑ ደረጃ አይወጣም፣ አይወርድም።

ፎቅ የገባች አሮጊት ምን እንደምትሆን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያ ገበያ ይቀራል። ቀጥሎ የወር ማርያም። ከዚያ ለቅሶ ይቀራል፤ ጎጃም ላይ ደግሞ ለቅሶ የቀረ ሰው ራሱ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ቡናው ወደ ላይ ይዛወርና ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ተብሎ ይጠራል። ጎረቤቶቿ ግን እኩዮቿ ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ማረፊያው ላይ ተቀምጣ ትንፋሽ ስትሰበስብ አቦል ይጠጣል፤ ሁለተኛዋ ለቶና ትደርሳለች፤ ሦስተኛዋ በረካዋን ተቀብላ «አይ የናንተ ቡና ሁልጊዜ ቀጭን ነው» ትላለች። አቦሉን ቀምሳው ስለማታውቅ አይፈረድባትም።

ይህን ሁሉ የሰማው ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ልጁ እዚያ የሚሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ የመንከባከብ ሥራ ነው። የሰው እናት ይጦራል፤ የእሱን እናት ደግሞ እኛ፣ በመጠኑ። አንድ ቀን በኢሞ ደውሎ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ቤት ያየውን ነገረን።

«እማዬ፣ ደረጃው ላይ ወንበር ይገጠማል። አንቺ ቁጭ ትያለሽ፤ እሱ ይወጣል።»

«ማን ነው የሚወጣው?»

«ወንበሩ።»

«ወንበሩ ብቻውን? በስመ አብ ወወልድ!» አለችና ለአቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን ሲወጡ ዘንዶ እንደታዘዘላቸው፣ እሷ ግን ያን ያህል ጽድቅ እንደሌላት ነገረችው። ከአጠገቧ የነበሩት ጎረቤት «ዘንዶውስ መብራት አይጠፋበትም» አሉ።

የጎረቤቷ ስጋት የኔም ነበርና ልጁን አጥብቄ ጠየቅሁት። ነገሩ ካሰብነው ይቀላል። ሐዲዱ የሚታሰረው ግድግዳው ላይ ሳይሆን እርከኖቹ ላይ፣ በብሎን ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ጭቃ ግድ የለውም። ወንበሩ የእጅ ማሳረፊያ፣ የእግር መርገጫና ቀበቶ አለው። የሚሠራው በቀጥታ በመብራት ሳይሆን ከወንበሩ ሥር ባለ ባትሪ ነው፤ መብራቱ የሚያስፈልገው ወንበሩ ቆሞ ሲውል ባትሪውን ለመሙላት ነው። ስለዚህ መብራት ቢሄድም ተሳፋሪዋ መሐል ላይ ተንጠልጥላ አትቀርም። ይህን ስሰማ ለእኛ አገር የተሠራ መሰለኝ። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በአክስቴ ደረጃ ላይ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተረጋግቶ ያስደግማል። የልጅ ጫማ ወይም ድመት መንገዱ ላይ ከተገኘ ይቆማል። ላይ ሲደርስ ወንበሩ ወደ ወለሉ ይዞራል፤ አሮጊቷ ፊቷን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ቤቷ አድርጋ ትነሣለች። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። ሰው መሐል መንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን «ደረስኩ» ብሎ ሲዞርም ይወድቃል።

መውደቅን ቀላል አድርጎ የሚያይ ካለ የዓለም ጤና ድርጅትን ይስማ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 684,000 ሰው በመውደቅ ይሞታል፤ አብዝቶ የሚጎዳውም ከ60 ዓመት በላይ ያለው ነው። የእኛ ወጌሻ የተሰበረ ክንድ በቀርከሃና በጨርቅ አስሮ ይመልስ ይሆናል። ዳሌ የተሰበረች አሮጊትን ግን ወጌሻውም እጁን አጣጥፎ ነው የሚያያት።

ወንበሩ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በመጨረሻ ዘመኑ እግሩ ቆስሎ፣ ሰውነቱም ገዝፎ ሲቸገር፣ አሽከሮች በገመድ እየሳቡ ደረጃ የሚያወጡት ወንበር ነበረው ይባላል። ሞተር ያለውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ክሪስፐን የተባለ ሰው ደረጃ መውጣት ላቃተው ሕመምተኛ ወዳጁ ብሎ ሠርቶ «ኢንክሊኔተር» አለው።

እኛም ብንሆን አቅመ ደካማን ተሸክሞ ማውጣት ከማንም አልተማርንም። ለመኳንንቱ ወሳንሳ ነበር። ለባላገሩ ሽማግሌ ሰጋር በቅሎ ነበረች፤ አንዱ ልጓሙን ይይዛል፣ ሌላው ኮርቻው እንዳይዞር በወዲያ በኩል እርካቡን ይጫናል፣ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ቆመው በክብር ይወጣሉ። ለታመመ ሰው ደግሞ ቃሬዛ አለ። ከወምበርማ ቆላ ወይም ከብር ወንዝ ዳርቻ ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲመጣ ያየ ሰው ያውቃል፤ አራቱ ሲሸከሙ የቀሩት ከኋላ ተራ ይጠብቃሉ፣ ትከሻ የሚለዋወጡት ቃሬዛውን መሬት ሳያስነኩ ነው። ይህ ሁሉ ሲሠራ ባትሪ የለውም፤ ያለው ጎረምሳ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፎቁና የጎረምሳው መሄድ አብረው መጡ። ፎቁን ያሠራው ብር ከሚኒሶታ፣ ከጅዳ፣ ከደቡብ አፍሪካ ነው የመጣው፤ እናቱን ደረጃ የሚያወጣው ትከሻም እዚያው ነው ያለው። የባላገሯ እናት ፎቅ የላትም፤ ስትታመም የሚሸከሟት ግን አሏት። የፍኖተ ሰላሟ ፎቅ አላት፤ አሥራ ዘጠኙን እርከን ተሸክሞ የሚያወርዳት ለማግኘት ግን ባጃጅ ተራ ድረስ ሰው መላክ አለባት።

ስለዚህ «ወንበሩ ይምጣ» አልን። እንኳን ልናስገጥመው ዋጋውን ስንጠይቅ ግን ጉዳዩ ሌላ ሆነ። አዲሱ እንግሊዝ አገር ከ2,000 ፓውንድ በላይ ይባልበታል፤ ይህም ደረጃው ቀጥ ያለ ከሆነ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ቤቱን እንዲያስተካክል መንግሥት እስከ 30,000 ፓውንድ ድረስ የሚረዳበት ሥርዓት አለ። አሜሪካ ደግሞ ለአዛውንቶች ሕክምና የሚከፍለው ሜዲኬር ለዚህ ወንበር አይከፍልም። ልጁም «ያገለገለ ይሸጣል፤ ርካሽ ነው» አለ።

አክስቴ «ባለቤቱ ለምን ሸጠው?» ብላ ጠየቀች።

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። «ባለቤቷ... አያስፈልጋትም።»

«የሟች ወንበር ነው የምትልክልኝ?»

በዚህ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ጠበል ተረጭቶ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ደረጃዋ መሐል ላይ ይታጠፋል። ለሚታጠፍ ደረጃ ሐዲዱ በልክ ነው የሚሠራው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ዋጋውም ከቀጥታው እጥፍና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ቀጥታውን እንኳ ረዝሞ ቢገኝ ቆርጦ ማሳጠር ይቻላል። በዚያ ላይ ደረጃው ከቤት ውጭ ነው፤ ዝናብ የሚችል ዓይነት ይፈልጋል። የአሜሪካ መብራት 110 ቮልት አካባቢ፣ የእኛ 220 መሆኑን ደግሞ ከዚህ በፊት ከውጭ የመጣ የሩዝ ማብሰያ በአንድ ሴኮንድ አስተምሮናል።

ሰፈሩ ግን ገና ሳይመጣ ሥራ ሰጥቶት ነበር። አብዛኞቹ ወንበሮች 120 ኪሎና ከዚያ በላይ ይችላሉ ሲባል አንዱ ጎረቤት «እንግዲያው ኩንታል በቆሎ ይወጣበታላ!» አለ። ሌላዋ በመኸር ሰገነቱ ላይ የሚሰጣውን በርበሬ አሰበች። ልጆቹ ተራ መያዝ ጀመሩ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበን፤ ወንበሩ የመጀመሪያውን ኩንታል ባወጣ ማግስት ጫኝና አውራጆች መጥተው «ይህ የኛ ሥራ ነው፤ ወንበሩም ቢሆን ይክፈል» ማለታቸው አይቀርም። ዕቃህን በገዛ ጀርባህ ብታወርድ የሚያስከፍሉ ሰዎች ለሞተር የሚራሩ አይመስለኝም።

የግል ቤት ይቅር፤ የሕዝቡስ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድም፣ መራመድ እየቻለ ደረጃ ለሚያቅተውም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። «መራመድ እየቻለ ደረጃ የሚያቅተው» የሚለውን ሐሳብ ያስገባው ሰው እናት እንዳለው ያስታውቃል። በዓመቱ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ስንት ፎቅ ተሠራ? በእኔ ዓይን ግን የሐዋላ ብር ሊቀበሉ አንደኛ ፎቅ የሚወጡ አሮጊቶችን፣ ለጡረታ ጉዳይ «ሁለተኛ ፎቅ፣ ግራ» የተባሉ ባለ ከዘራ ሽማግሌዎችን አያለሁ። ጡረታ የሚወጣ ሰው ደረጃ መውጣት እንደማይችል ማን ያስብለት?

ሁሉንም አውርደን አውጥተን፣ ወንበሩ ይሻላል አይሻልም እያልን አክስቴ ዘንድ ቡና ስንጠጣ፣ እሷ በረንዳው ላይ ቆማ ቁልቁል ታይ ነበር። ከታች የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከመኪናው ወርዶ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፤ «ባንኩ ጉልበት የለውም ወይ?»

«እንዴት ማለትሽ ነው እትዬ?»

«እሱ ይውጣና እኔ ልውረዳ!»

ካዝናው ከባድ መሆኑን፣ ደንበኛ ፎቅ እንደማይወድ፣ የፎቁ ኪራይ ከግራውንዱ በጣም እንደሚያንስ አስረዳኋት። ስጨርስ «ደንበኛው ፎቅ ካልወደደ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ያ ሁሉ ሐዲድ፣ ያ ሁሉ ባትሪና ቮልት በዚህች ጥያቄ ተሸፈነ።

ወንበሩን አልንቅም። ቀጥ ያለ ደረጃ ያለው፣ አቅሙም የፈቀደ፣ እናቱ አሥር ዓመት የኖረችበትን ክፍል መልቀቅ የማትፈልግ ሰው ቢያስገጥም ገንዘቡን ከዚህ በተሻለ ነገር ላይ አያውለውም። አንዲት አሮጊት የማንንም ትከሻ ሳትለምን ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ማየት ራሱ ኪራይ ነው። ነገር ግን ፌሮ ገና እያሰራችሁ ያላችሁ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ጅጋም ሆነ ሽንዲ፣ ገና ሳይሞላ ስሙኝ። ግራውንዱን ለባንክ ስታከራዩ በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ከነሽንት ቤቷ አስቀሩ። ሽንት ቤቱ እንዳይረሳ፤ ምድር እየኖሩ ለሽንት ፎቅ መውጣት ከሁሉም ይብሳል። ደረጃውን ከቻላችሁ ቀጥ አድርጉት፤ ወንበሩ የሚመጣበት ቀን ከመጣ ይቀላል። እርከኖቹን እኩል አስለኩ፤ ግንበኛው ሲያኮርፍ ያኩርፍ። መደገፊያ በሁለቱም በኩል ይግባ፤ ከፊኒሺንግ በፊት። የሚያንሸራትት ሴራሚክ ለሳሎን ይሁን።

አክስቴ እስካሁን ፎቅ ላይ ናት። የባንኩ ውል ሰኔ 30 ያልቃል። ሥራ አስኪያጁን ጠርታ ከአሁኑ ነግራዋለች፤ የነገረችውም ላይ አስወጥታ፣ ቡና አቅርባ ነው። በረካውን ሳይጠጣ ወረደ።